በብርድ ወራት ስለሚወሰዱ ቫይታሚኖችና ማሟያዎች፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኅዳር እስከ ጥር የሐረር ሌሊት አጥንት ይነካል። ሞቃቷ ድሬዳዋም ቢሆን ማለዳ ላይ ሹራብ ታስለብሳለች። በእነዚህ ወራት ፋርማሲ መስኮት ላይ ቶሎ ቶሎ የሚሰማው ጥያቄ «ለኢሙኒቲ የሚሆን ምን አላችሁ?» የሚል ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት እንዲያነቧቸው ነው።

ለመሆኑ «ኢሙኒቲ የሚጨምር» ክኒን አለ?

ሰዎች በሚያስቡት መንገድ የለም። የበሽታ መከላከል አቅም እንደ ሮቶ ታንከር በሞሉት ቁጥር ከፍ የሚል ነገር አይደለም። ንፍጡ፣ ትኩሳቱ፣ ድካሙ ራሱ ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚፈጠር ነው።

ይህ አቅም በትክክል እንዲሠራ ግን ቫይታሚን ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ዚንክ፣ ብረትና ፕሮቲን ያስፈልጉታል። ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ይዳከማል፤ ጉድለቱ ሲሞላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ካልጎደለ ግን የተጨመረው ወይ በሽንት ይወጣል፣ ወይ እንደ ቫይታሚን ኤ ጉበት ውስጥ ተጠራቅሞ ጉዳት ያመጣል። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» ከማለት በፊት «የሚጎድለኝ አለ ወይ?» ማለት ይቀድማል። ጉድለት ሊኖርባቸው የሚችሉት ምግብ የሚቀንሱ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ክብደታቸው የወረደ ሕፃናት፣ ሲጋራ የሚያጨሱ፣ የጨጓራ ወይም የአንጀት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ፣ እንዲሁም በበርጫ ምክንያት ምሳና እራት የሚዘሉ ሰዎች ናቸው።

የሚያሳምመን ብርዱ ራሱ ነው?

ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ በአብዛኛውም ራይኖቫይረስ የሚባለው ቤተሰብ ነው። ብርዱ የሚያግዘው ሰው ቤት ዘግቶ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥና የበጋው ደረቅ አየር የአፍንጫን እርጥበት ስለሚያደርቅ ነው። የአገራችን ሰው ወቅቱን ከበሽታ ጋር ማያያዙ ግን እንዲሁ አልመጣም። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን ልማድ ሆኖ የቀረልን በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው «የኅዳር በሽታ» ነው፤ ያ በሽታ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር።

ቫይታሚን ሲ በየቀኑ ብወስድ ጉንፋን አይዘኝም?

ይይዝዎታል። በየቀኑ 200 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ የሚወስዱ ሰዎች በጥናቶች ሲታዩ፣ ከማይወስዱት ባላነሰ ሁኔታ ጉንፋን ይዟቸዋል። ልዩነቱ የታየው ሕመሙ በቆየበት ጊዜ ላይ ነው፤ በአዋቂ 8 በመቶ፣ በሕፃናት 14 በመቶ ያህል አጥሯል። ሰባት ቀን ለሚቆይ ጉንፋን 8 በመቶ ግማሽ ቀን ገደማ ነው። ይህም የተገኘው አስቀድመው አዘውትረው በወሰዱት ላይ ነው። አፍንጫው መፍሰስ ከጀመረ በኋላ ሮጦ መግዛት፣ ማለትም አብዛኛው ሰው የሚያደርገው፣ ወጥ የሆነ ጥቅም አላሳየም። ለየት ያለ ውጤት የታየው በማራቶን ሯጮችና በከባድ ብርድ ውስጥ በሚለማመዱ ወታደሮች ላይ ነው፤ እነሱ ዘንድ የሚያዘው ሰው ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሷል። የረጅም ርቀት ልምምድ ላይ ላለ ወጣት ይህ ሊያስብበት የሚገባ ነው፤ ቢሮ ለሚውል ሰው ግን አይመለከተውም።

የቀን ፍላጎቱ ለወንድ 90፣ ለሴት 75 ሚሊግራም ነው፤ የሚያጨስ ሰው 35 ይጨምርበታል። የአዋቂ ከፍተኛ ጣሪያ በቀን 2000 ሚሊግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሆድ ይረብሻል፣ ተቅማጥ ያመጣል፣ የኩላሊት ጠጠር ላለበትም አደገኛ ነው። ላብ በብዛት በሚወጣበት፣ ሽንት በሚወፍርበት እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ የጠጠሩ ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስኳርዎን ቤት ውስጥ የሚለኩ ከሆነ ደግሞ ብዙ ቫይታሚን ሲ አንዳንድ መለኪያዎችን ያሳስታል፤ ከፍ ያለ ቁጥር አይተው ኢንሱሊን ከመጨመርዎ በፊት ይህን ያስቡ።

ውኃ ውስጥ የሚፈላው ይሻላል ወይስ የሚዋጠው?

ቫይታሚኑ ያው ነው። የሚፈላው ለመውሰድ ይቀላል፣ ይጣፍጣልም። ነገር ግን እንዲፈላ የሚያደርገው ሶዲየም ስላለው አንድ ክኒን ብቻውን ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም ሶዲየም ሊይዝ ይችላል። ሶዲየም በቀን ከ2000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ለሚመከር የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመምተኛ ይህ ብዙ ነው፤ የሚዋጠውን ይምረጡ። የሚፈላውን ሲወስዱ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ያሟሙት፣ አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቁ። ክኒኑን አፍ ውስጥ ማሟሟት ጥርስ ይጎዳል።

ገንዘቡን ምግብ ላይ ባውለው?

አብዛኛው ሰው እንደዚያ ቢያደርግ ይሻለዋል። ከክኒኑ ማስታወቂያ ይልቅ የቀፊራና የሸዋ በር ገበያ መደብ ላይ ያለውን ይመልከቱ። መቶ ግራም ዘይቱን ከ200 ሚሊግራም በላይ ቫይታሚን ሲ አለው። ፓፓያ 60፣ ብርቱካን 50፣ ማንጎ 35 ገደማ አላቸው። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ቃሪያ ነው፤ ከእንጀራ ጋር በጥሬው የሚበላ አንድ ደህና ቃሪያ 100 ሚሊግራም ያህል ይዟል፤ ይህም ለአንድ ቀን በቂ ነው። በርበሬ ሆኖ ሲደርቅና ሲቆላ ግን አብዛኛው ይጠፋል።

ሎሚ ከሚነገርለት ያነሰ ነው። የግማሽ ሎሚ ጭማቂ 10 ሚሊግራም ቢሆን ነው፤ ያም ከሚፈላ ሻይ ጋር ከተቀቀለ ይቀንሳል። ለጉሮሮ ግን የሎሚና የዝንጅብል ሻይ መልካም ነው። አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ወቅጠው በሁለት ብርጭቆ ውኃ አሥር ደቂቃ ያፍሉ፣ ያውርዱ፣ ከንፈር የማያቃጥል እስኪሆን ይጠብቁ፤ ሎሚውን የሚጨምቁትና ማሩን የሚጨምሩት ያኔ ነው።

ለዚንክ ሥጋ ቀዳሚ ነው። ከዚያ ሰሊጥ፣ የዱባ ፍሬ፣ ሽምብራ፣ እና በአካባቢያችን የማይጠፋው የባቢሌ ለውዝ ይከተላሉ። አንድ እፍኝ ለውዝ 1 ሚሊግራም ያህል ዚንክ አለው፤ የቀን ፍላጎት ለወንድ 11፣ ለሴት 8 ነው።

ዚንክስ? እሱ ይሠራል ይባላል።

ከሁሉም የተሻለ ተስፋ ያለው እሱ ነው፤ ግን በትክክል የሚወስደው ሰው ጥቂት ነው። ጥቅም ያሳዩት ጥናቶች በአብዛኛው የተሠሩት አፍ ውስጥ ቀስ ብሎ በሚመጠጥ ክኒን ነው። ምልክቱ በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ፣ ከእንቅልፍ ውጪ በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ ተመጥጦ፣ በቀን በድምሩ 75 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ዚንክ ሲሆን ነው የሕመሙ ጊዜ ያጠረው። የጥናቶቹ ውጤት እርስ በርሱ ስለማይስማማ «ሊያግዝ ይችላል» ከማለት አያልፍም። ጉንፋኑ በሦስተኛው ቀን ላይ ከሆነ ገንዘብዎን ያስቀምጡ።

ሁለት ስህተቶች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው የሳጥኑን ቁጥር በትክክል አለማንበብ ነው። «ዚንክ ግሉኮኔት 50 ሚሊግራም» ማለት ንጹሕ ዚንኩ 7 ሚሊግራም ብቻ ነው ማለት ነው፤ «ዚንክ ሰልፌት 220 ሚሊግራም» ደግሞ 50 ይሆናል። የሚቆጠረው ንጹሕ ዚንኩ ነው። ሁለተኛው ወራትን ሙሉ መውሰድ ነው። የአዋቂ የዘወትር ጣሪያ በቀን 40 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ሰውነት መዳብ ያጣል፣ ደም ማነስና የእግር መደንዘዝ ይከተላል። ስለዚህ ከፍተኛው መጠን ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን አይሆንም። ባዶ ሆድ ላይ ያቅለሸልሻል። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ዚንክ ከውጭ ቢመጣልዎ አይጠቀሙበት፤ ሽታ የማሽተት አቅም በማጥፋቱ በ2009 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አስጠንቅቆበታል።

ይህን ሁሉ ፀሐይ ይዘን ቫይታሚን ዲ ያስፈልገናል?

ፀሐይ መኖሩና ቆዳ ላይ ማረፉ ይለያያል። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ወይም ቢሮ የሚውል፣ ሰውነቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን፣ ከቤት የማይወጣ አረጋዊ እጥረት ሊኖርበት ይችላል። በመስታወት በኩል የሚገባ ፀሐይ ሙቀት እንጂ ቫይታሚን ዲ አይሰጥም። እጥረት ያለበት ሰው መሙላት አለበት፤ ለአጥንቱም ለጡንቻውም ነው። ለጉንፋን መከላከያነት ግን ቀደም ያሉ ጥናቶች ያሳዩት አነስተኛ ጥቅም፣ ሰፋ ያሉት ጥናቶች ሲጨመሩ እየሳሳ ሄዷል።

የቀን መጠኑ እስከ 70 ዓመት 600 ዩኒት፣ ከዚያ በላይ 800 ነው፤ ያለ ሐኪም ከ4000 አይለፉ። አንዳንድ ሳጥን በማይክሮግራም ይጽፋል፤ 1 ማይክሮግራም 40 ዩኒት ነው። ባለ 50,000 ዩኒቱ ካፕሱል በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለተወሰኑ ሳምንታት የሚወሰድ ነው። በየቀኑ የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ካልሲየም ከልክ አልፎ ማስመለስ፣ ድርቀትና የኩላሊት ጉዳት ይደርስበታል። ስህተቱ የሚመጣው «ቫይታሚን ስለሆነ አይጎዳም» ከሚል እምነት ነው።

ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ማር፣ ፌጦ፣ ጤና አዳም…?

ማር ለሳል በደንብ የተመሰከረለት ነው። ከመኝታ በፊት አንድ የሻይ ማንኪያ የሕፃናትን የሌሊት ሳል ያስታግሳል። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ጠብታም አይሰጥ፤ ቦቱሊዝም የተባለ ጡንቻን የሚያዝል መመረዝ ሊያስከትል ይችላል።

ጥቁር አዝሙድ በሐረር ቤቶች ውስጥ ትልቅ ክብር አለው፤ በምግብና በሻይ ልክ መጠቀሙ አያስጨንቅም። ዘይቱን በማንኪያ በየቀኑ መጠጣት ግን የደም ስኳርንና ግፊትን ዝቅ ያደርጋል። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ሁለቱ ተደራርበው ራሱን ሊያስቱት ስለሚችሉ ለሐኪሙ ይንገር። ነጭ ሽንኩርትም እንደዚሁ በወጥ ውስጥ ጥሩ ነው፤ በካፕሱል በብዛት ሲሆን ደም ያቀጥናል። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ወይም ቀዶ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ካፕሱሉን ይተው።

ዳማከሴ ለምች፣ ፌጦ በሎሚ ለሆድና ለብርድ ከእናቶቻችን የወረስናቸው ናቸው፤ ማጽናኛነታቸውን ማንም አይነፍጋቸውም፣ ክኒን የሚያስጥል ማስረጃ ግን የላቸውም። ጤና አዳም ቡና ላይ አንድ ቅጠል ምንም አይደለም፤ ጨምቆ በብዛት መጠጣት ግን ማሕፀንን ያኮማትራል፣ ጉበትና ኩላሊት ይጎዳል። ነፍሰ ጡር በምንም መልኩ አትጠጣው።

ለልጄ ምን ልስጥ?

ጤነኛና በደንብ የሚበላ ልጅ ማሟያ አያስፈልገውም። ጤና ጣቢያ የሚሰጠው የቫይታሚን ኤ ጠብታ (ከ6 እስከ 11 ወር 100,000፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 200,000 ዩኒት፣ በየ6 ወሩ) እንዳያመልጠው ያድርጉ፤ በዚያ ላይ ቫይታሚን ኤ ያለበት ሽሮፕ ወይም የዓሣ ጉበት ዘይት አይደርቡበት። ባለ 20 ሚሊግራሙ የሚሟሟ ዚንክ የሚሰጠው ለተቅማጥ ከኦ.አር.ኤስ ጋር ነው፤ ካለፈው ተቅማጥ የተረፈውን ለጉንፋን መስጠት ልማድ እየሆነ ስለመጣ ይታረም። ከረሜላ የሚመስሉ ቫይታሚኖችንና የእናትን የብረት ክኒን ልጅ በማይደርስበት ቦታ ያኑሩ። ብረት በብዛት የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን አተነፋፈስ ቁጠሩ። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ገልጠው፣ ስልክዎ ላይ ሰዓት ይዘው፣ ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ እንደሚል አንድ ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። ከ2 እስከ 12 ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከጎድኑ ሥር ደረቱ ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ቫይታሚን ፍለጋ አይሂዱ፣ በዚያው ሰዓት ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ማሟያ ከመድኃኒቴና ከጫት ጋር ይጋጫል?

አዎ፣ በተለይ ዚንክ፣ ብረት፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለባቸው። ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች.አይ.ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ መድኃኒትዎን ማሟያው ከመወሰዱ 2 ሰዓት በፊት ወይም ከተወሰደ 6 ሰዓት በኋላ ያድርጉት፤ አለዚያ ማዕድኑ አንጀት ውስጥ ይዞ ያስቀረዋል። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የተባሉት አንቲባዮቲኮችም እንዲሁ ይያዛሉ፤ ከማሟያው 2 ሰዓት በፊት ወይም ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ይወሰዱ። የታይሮይድ ክኒን 4 ሰዓት ይራቅ። የሚያጨስ ሰው ቤታ ካሮቲን (ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው) በብዛት ያለበትን ማሟያ አይውሰድ፤ የሳንባ ካንሰር አደጋን ጨምሯል።

ጫት ምግብ ያስጠላል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አፍ ያደርቃል፤ ሦስቱም ለጉንፋን በር ይከፍታሉ። አንቲባዮቲክ በሐኪም የታዘዘልዎ ከሆነ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ አምፒሲሊን ጫት ሲቃም ወደ ደም የሚገባው በጉልህ ይቀንሳል፣ አሞክሲሲሊንም በመጠኑ ይነካል። ከበርጫው ሁለት ሰዓት በኋላ ይውሰዱ። በራሱ ለተራ ጉንፋን ግን አሞክሲሲሊን አይሠራም፤ ቫይረስ አይገድልም።

በጾም ወቅትስ?

ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያት ከብርዱ ጋር ይገጥማል። ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ሲቀር ዚንክና ቫይታሚን ቢ 12 ይቀንሳሉ። በደንብ የቦካ እንጀራ እዚህ ላይ ያግዛል፤ እርሾው በእህሉ ውስጥ ያለውን፣ ዚንክና ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ይቀንሰዋል። ባልቦካ ሊጥ ከተጋገረ ቂጣ የቦካ እንጀራ በሽሮና በጎመን፣ ጥሬ ቃሪያ ታክሎበት፣ ይመረጣል። ቡናና ሻይ ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቁ፤ ብረት ያስቀራሉ።

በረመዳን ማሟያ የሚወስድ ሰው ዚንክና ብረትን ከኢፍጣር ምግብ በኋላ ያድርግ፤ በቴምርና በውኃ ብቻ ላይ ሲሆን ያቅለሸልሻል። ቫይታሚን ዲ ቅባት ካለበት ምግብ ጋር ይሻለዋል።

ካፕሱሉ ሐላል ነው?

ለስላሳውና ጠንካራው ካፕሱል በአብዛኛው ከጄላቲን ይሠራል፤ ጄላቲን ከከብት ወይም ከአሳማ ሊሆን ይችላል። ሳጥኑ ላይ «የከብት ጄላቲን»፣ «የዕፅዋት ካፕሱል» ወይም የሐላል ምልክት ይፈልጉ። ምንም ካልተጻፈ ፋርማሲስቱን በሚዋጥ ክኒን እንዲቀይርልዎ ይጠይቁ፤ ጾም ላይ ላለ ክርስቲያንም ይኸው ይጠቅማል።

ጉንፋን ሳይሆን ቢቀርስ?

በድሬዳዋ ይህን ጥያቄ መዝለል አይቻልም። ከተማዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የደንጊ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ አሳልፋለች፤ ሁለቱም በትንኝ የሚተላለፉ ናቸው፤ ወባም አለ። ጉንፋን በንፍጥ፣ በማስነጠስና በጉሮሮ መከርከር ይጀምራል። ያለ ንፍጥ ድንገት የመጣ ኃይለኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚሰማ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ወይም ሽፍታ ካለ የደም ምርመራ ያድርጉ። እስከዚያ ድረስ አስፕሪን፣ ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን አይንኩ፤ ደንጊ ከሆነ ደም ያስፈስሳሉ። ፓራሲታሞል ይበቃል፦ ለአዋቂ ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም፣ በሁለቱ መካከል ከ6 ሰዓት ያላነሰ ልዩነት እየሰጡ፣ በቀን ከ4000 ሳያልፍ። የጉንፋን ድብልቅ ክኒኖች ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ ሁለቱን አይደርቡ። ትኩሳቱ ሲወርድ ሆድ የሚያም፣ ደጋግሞ የሚያስመልስ ወይም ድድ የሚያደማ ከሆነ ማታም ቢሆን ሆስፒታል ይሂዱ።

ስገዛና ሳስቀምጥ ምን ልጠንቀቅ?

ከፋርማሲ ይግዙ፤ በፌስታል ከሚዞር ወይም የልብስ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ካለ አይግዙ። የምርት ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ በሳጥኑም በጠርሙሱም ላይ አንድ መሆኑን፣ ቀኑ ያልተፋቀ መሆኑን ያመሳክሩ። «ለስኳርም ለግፊትም ለኢሙኒቲም» የሚል ሁሉን ቻይ ጠርሙስ ይለፉት።

አብዛኛው ሳጥን «ከ30 ዲግሪ በታች» ይላል። ሐረር ይህ አያስቸግርም። ድሬዳዋ ግን ከሚያዝያ በኋላ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ ፍሪጅ አናት ላይ ወይም የባጃጅ ኪስ ውስጥ በቀላሉ ያልፋል። የተበላሸ ቫይታሚን ሲ ነጭነቱን ትቶ ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። የሚፈላው ክኒን እርጥበት ሲገባበት ያብጣል፣ ውኃ ውስጥ ሲጣል ዝም ይላል። የዓሣ ዘይት ካፕሱል እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ሲከፈትም የከረረ ቅቤ ይሸታል። እንዲህ ያለውን ይጣሉት። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ የሚቀዘቅዘው ክፍል ወለል አጠገብ ያለ ቁም ሣጥን፣ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ርቆ፣ ጥሩ ቦታ ነው። ክዳኑ ውስጥ ያለችውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አውጥተው አይጣሏት፣ ክኒኑንም በላስቲክ አይበታትኑት።